የምናለሽ ተራው ምድጃዬ ከስምንት ወር በኋላ

ስለ አንድ የከሰል ምድጃ ይህን ያህል ይጻፋል ወይ የሚል አይጠፋም። ይጻፋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ተቀምጬ ነው የምውለው። ከባለቤቴ ይልቅ ምድጃዬን ነው ብዙ ሰዓት የማየው።

ጀሞ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ሥር፣ ጀበና ቡና አፈላለሁ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱን የለቀቅኩት መስከረም 2017 ላይ ነው። ስጀምር የነበረኝ ስድስት በርጩማ፣ አንድ ረከቦት፣ ሁለት ጀበናና ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት የቆርቆሮ ምድጃ ነው። ምድጃው ሁለት ወር አገለገለኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ግጥም ብሎ ሳለ፣ የታችኛው ቆርቆሮ ተበልቶ ኖሮ ፍሙን ከነአመዱ ሴራሚኩ ላይ ዘረገፈው። የሕንፃው ጥበቃ ያን ቀን ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

በዚያው ሰሞን ለጀማሪ ነጋዴዎች የሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ተጠራሁ። ማን እንዳዘጋጀው ይለፈኝ። ምሳው ግን ጥሩ ነበር። ርዕሱ "ፈጠራ የታከለበትና ዘላቂ የቢዝነስ ሞዴል" ይላል። አሠልጣኙ ዘጠኝ ሳጥን የተሰመረበት ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ካንቫስ ይሉታል። ደንበኛሽ ማነው፣ ምን ታቀርቢለታለሽ፣ ገንዘቡ ከየት ይገባል፣ ወጪሽ ምንድን ነው፣ ከነማን ጋር ትሠሪያለሽ እያልሽ ሳጥኖቹን መሙላት ነው። ክፉ ነገር አይደለም፤ እኔም ሞልቼዋለሁ፤ አንዳንዱ ሳጥን በእርግጥ አሳስቦኛል።

በሁለተኛው ቀን "ሰርኩላር ኢኮኖሚ" መጣ። ያረጀ ዕቃ ተጥሎ ከሚቀር ዞሮ ጥሬ ዕቃ እንዲሆን ማድረግ ነው ተባልን። ምሳሌዎቹ በሙሉ ከባሕር ማዶ ናቸው። ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ነጭ ጓንት አድርገዋል። አጠገቤ የተቀመጠችው፣ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ የምትሸጥ ሴትዮ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና "ቆይ፣ ይሄ ቁራሌው አይደል እንዴ?" አለችኝ። ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

እውነቷን ነው። ውጭ አገር አድጎ ይህን ለሚያነብ ልጅ ላስረዳ፦ ቁራሌው ማለት ማዳበሪያ ጀርባው ላይ ጥሎ በየመንደሩ "ቁራሌው!" እያለ የሚዞረው ነው። ጩኸቱ ሲፈታ "ቆርቆሮ ያለው" ነው ይባላል፤ ሲጮህ ሲጮህ ተላልጦ ቁራሌው ሆነ። የተቀደደ ድስት፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የነደደ ምድጃ ይገዛል። ልብ በሉ፣ ይገዛል። ቆሻሻዬን ሲያነሳልኝ ክፈይ ቢለኝ ያምርበት ነበር፤ እሱ ግን ከፍሎኝ ይሄዳል። "ልዋጭ" የሚለው ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። እነሱ ያልፈለጉት ነው ቆሼ፣ የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ፣ የሚደፋው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ እኔ ከቁራሌው ጋር በዋጋ ብዙም አልጨቃጨቅም።

የነደደውን ምድጃዬንም የሸጥኩት ለቁራሌው ነው። ሲወስደው "የት ነው የምታደርሰው?" አልኩት። "መርካቶ ነዋ፣ ምናለሽ ተራ" አለኝ። በማግስቱ እኔም ሄድኩ።

ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መርካቶ። መርካቶ ለሁሉም ነገር ተራ አለው። ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ጆንያ ተራ። ምናለሽ ተራን ግን በጆሮ ነው የምታገኙት። ገና ሳትደርሱ የመዶሻው ድምፅ ይቀበላችኋል። ቆርቆሮ በብረት፣ ብረት በብረት፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ሲነሳ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ጆሮ ያማል። ከዚያ ይለምዳል። ይሄ መልመድ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንዱ ባዶ በርሜል በመሮ ይተረትራል። አንዱ የተተረተረውን እየቀጠቀጠ ያቃናዋል። ሌላው በምስማር ጫፍ ልክ ይጭርና በመቀስ ይቆርጣል። ልጅ እግሩ ቀዳዳ ይበሳል። ጎማ የሚልጡ፣ ፌሮ የሚያቃኑ፣ ጣሳ ወደ ኩባያ የሚቀይሩ አሉ። የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ፣ ጽሑፉ እንዳለ፣ መስፈሪያ ሆኖ ተሰቅሏል። የመኪና ባሌስትራ ቢላዋ ሆኖ፣ ካላማዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ በቀጭኑ ተቀዶ የበርጩማ መቀመጫ ሆኖ ተጠልፏል።

የኔ ባለሙያ ስድሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሱቅ አላቸው ለማለት ይከብዳል። ከላይ የላስቲክ ጥላ፣ ከታች አንድ ግንድ፣ ግንዱ ላይ የተተከለ የሐዲድ ቁራጭ። ሐዲዱ መቀጥቀጫቸው ነው። ጀሪካን ገልብጠው "ተቀመጪ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ የሚነድ ምድጃ ፈልጌ ነበር።"

"ለቤት ነው ለቡና?"

"ለቡና።"

"ስንት ጀበና ትጥጃለሽ ባንዴ?"

"ሁለት። ሰው ሲበዛ ሦስት።"

"ይሄ የተሰቀለው አይሆንሽም። ለቤት ነው። አንቺ ጋ ሦስት ወር አይቆይም። ወፈር ባለ ላሜራ ልሥራልሽ።"

ሊሸጡልኝ የሚችሉት ዝግጁ ዕቃ ፊታችን ተደርድሮ ሳለ አይሆንሽም አሉኝ። እኔ በበኩሌ እዚያ ላይ ነው የተሸነፍኩት። 1,500 አሉ፣ 1,000 አልኩ፣ 1,200 ላይ ተስማማን። ግማሹን ቀብድ ጠየቁኝ። ገና በቴሌብር እንደላክሁላቸው ልጁን ጠርተው "ሂድ ያንን በርሜል አምጣ" አሉት። ገንዘቤ ዓይኔ እያየ በርሜል ሆነ።

ይሄን ነገር ቤቴ ገብቼ ደጋግሜ አሰብኩበት። ሰውዬው ባንክ ደጃፍ አልረገጡም። መጋዘን የላቸውም። ታዝዞ ያልተከፈለበት ትልቅ ዕቃ አይሠሩም። የሥራ ማስኬጃቸው የኔ ቀብድ ነው። ሥልጠናው ላይ የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያለቀው "የመነሻ ካፒታል ከየት ይገኛል" በሚል ክርክር ነበር። ቀብድ የሚል ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። ምድጃው ተሠርቷል፤ የመጨረሻው ማጣበቂያ ነው የቀረው። ቆይታዬ ረዘም ስላለ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ካንቫስ አወጣሁ። እስቲ ልሞክራቸው ብዬ።

"ጋሼ፣ ደንበኛዎ ማነው?"

"አንቺ ነሻ!"

"ሌላስ?"

"ምድጃው የተበሳበት ሁሉ።"

"ከነማን ጋር ነው የሚሠሩት?"

በመዶሻቸው ጫፍ በርሜል ተርታሪውን፣ ሸክላ የምታመጣውን ሴትዮ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚያንቀላፋውን ተሸካሚ አሳዩኝ።

"ተወዳዳሪዎስ?"

አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ ጠቆሙኝ። ጎልማሳው ሳቀ። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉና ከዚያው ከተወዳዳሪያቸው መቀስ ተዋሱ።

"የሚተርፈውን ቆሻሻስ ምን ያደርጉታል?"

"የምን ቆሻሻ?"

እግራቸው ሥር ያለውን ቁርጥራጭ ዘረዘሩልኝ። ከምድጃው የተረፈው የዕጣን ማጨሻ ይወጣዋል። ከማጨሻው የተረፈው የአመድ መዛቂያ። ምንም የማይወጣው ተጠርጎ በማዳበሪያ ይጠራቀምና በኪሎ ይሸጣል፤ ወደ ብረት ማቅለጫ ሄዶ ፌሮ ይሆናል። ፌሮው ሕንፃ ውስጥ ይገባል። የተረፈው የፌሮ ቁራጭ እንደገና እዚህ ይመጣና የምድጃ እግር ይሆናል። የኔ ምድጃ እግሮች ፌሮ ናቸው።

ወደ ምድጃው ልምጣ። ላቀች የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ። ላቀች በ1980ዎቹ በመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ማዕከል ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። መነሻው የኬንያው የሸክላ ጂኮ ነው፤ ጂኮ በስዋሂሊ ምድጃ ማለት ነው። ለእንጀራ ደግሞ "ምርት" የሚባል ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) በፎርም የሚሠራ ምድጃ አለ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እናቴ አለቻት፤ ዓይኗ ከጭስ አርፏል። የሁለቱም ብልሃት አንድ ነው። ፋብሪካ ተተክሎ አይደለም የተስፋፉት። አሠራሩ በየገበያው ላለው ባለ እጅ ተሰጠ፣ እሱ አትርፎ ሸጠው። ከዚያ ጎረቤቱ አየና ቀዳው። መቅዳቱ ጉድ አለው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ላቀች የሚባለው ሁሉ ላቀች አይደለም። ሸክላው የሳሳ፣ ቀዳዳው በግምት የተበሳ ሞልቷል።

ጋሼ ሸክላውን አይሠሩትም። ሸክላ ሠሪዋ ናት የምታመጣው። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ፣ ሁለቱም በዚህ አገር ሲሰደቡ የኖሩ ሙያዎች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። አያቴ ግን ከአዋጁ በኋላ ተወልዳም፣ ስትሳደብ "ቀጥቃጭ" ነበር የምትለው። ነፍሷን ይማረውና ይሄን ምድጃ ብታየው ምን ትል እንደነበር እንጃ።

ሚዛኑ ይኸው። በድሮው ምድጃ አንድ ማዳበሪያ ከሰል 9 ቀን ነበር የሚያቆየኝ። በአዲሱ 12 ቀን ይቆያል። ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ጸሐፊ ነበርኩ ብያችሁ የለ። በወር ከሦስት ማዳበሪያ በላይ ይፈጅ የነበረው ወደ ሁለት ተኩል ወርዷል። ስለ ላቀች የሚነገረውም ከቆርቆሮው ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ነው፤ እኔ ያለ መሣሪያ፣ በደብተርና በስክሪብቶ፣ እዚያው ደርሻለሁ። የከሰል ዋጋ አልጽፍም፣ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይለወጣል። ምድጃው ግን የራሱን ዋጋ በሁለት ወር ውስጥ መልሶልኛል።

ምሥጢሩ ሸክላው ነው። ሙቀቱን ይዞ ወደ ላይ ይሰደዋል። የድሮው ምድጃ ከጀበናው በፊት የኔን ቅልጥም ነበር የሚያፈላው። አሁን ከጎኑ ተቀምጬ ቀሚሴ አይግልም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያያያዝኩት ፍም ሦስተኛውን ጀበና እስካወርድ ሌላ ከሰል አይጠይቅም። ቶና ለሚጠጣ ሰው ይሄ ምንም አይመስልም፣ ለእኔ ግን ቁጭ ብዬ ቁርስ የምበላበት ጊዜ ነው።

አሁን ነቀፌታዬ። አንደኛ፣ ከሦስቱ እግሮች አንዱ አጭር ነበር። ጀበና የጫነ ምድጃ ሲንገዳገድ ማየት ለልብ ሕመምተኛ አይመከርም። መልሼ ወሰድኩት፤ በነፃ ተስተካከለ፣ የታክሲው ግን የኔ ነው። ሁለተኛ፣ ማንጠልጠያው ብረት በብረት ነው። ጨርቅ ሳይዙ አይነካም። እንጨት ይግባበት ብላቸው "እንጨት ይነዳል" አሉኝ። እኔ ደግሞ እጄ ይነዳል። እዚህ ላይ አልተግባባንም። ሦስተኛ፣ በአራተኛው ወር ጀበናው ገንፍሎ የጋለው ሸክላ ላይ ፈሰሰና ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ጋሼ አገላብጠው አዩትና "ይሄ የኔ ጥፋት አይደለም፣ የጀበናሽ ነው" አሉ። ትክክል ናቸው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሮጌውን አውጥተው አዲስ ሸክላ ገጠሙልኝ፣ የሸክላውን ሒሳብ ብቻ ከፈልኩ።

ሱቅ የገዛሁት ምድጃ ሲበላሽ ባለ ሱቁ ምን አለኝ መሰላችሁ? "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።" ለዚያውም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ እያሳየ።

ምድጃ ልግዛ ካላችሁ፣ ከስሕተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሸክላውን ከመገጠሙ በፊት በጣታችሁ አንኳኩት፤ እንደ ሲኒ ጥርት ብሎ መጮህ አለበት። ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣ ውስጡ ተሰንጥቋል። ከቆርቆሮው ሥር ያለው የአየር በር ያለ ትግል መከፈትና መዘጋት አለበት፤ እሱ ነው ፍሙን የሚገዛው። የመጀመሪያውን ቀን በትንሽ ፍም አሙቁት፣ በሙሉ እሳት አታስደንግጡት። ደግሞም ምድጃው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከሰል ከሰል ነው። በር ዘግታችሁ አታንድዱት፣ ማታ መኝታ ቤት አታስገቡት። በየክረምቱ በከሰል ጭስ ተኝቶ የሚቀር ሰው ወሬ እንሰማለን።

ከምድጃው በኋላ ሱስ ያዘኝ። ባሌስትራ ቢላዋ ገዛሁ፤ ድንች ሲልጥ አይታወቅም፣ ግን ይዝጋልና ሁልጊዜ ማድረቅ ነው። የቡና መቁያ አሠራሁ። አራት የፌሮ በርጩማ በካላማዳሪ መቀመጫ አስጠለፍኩ። ደንበኞቼ ወደዋቸዋል። ከእነሱ አንዱ፣ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ልጅ፣ "ይሄ ዲዛይን የማን ነው?" ብሎ ጠይቆኛል። ወንበር የሚሠራው ልጅ ስሙን እንኳ እንደማይጽፍበት ስነግረው አላመነኝም። ጎማ ወደ ጫማ መቀየር፣ በረባሶ፣ እዚህ አገር ድሮም የነበረ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬበልስ የሚባለውን ጫማ ከዘነበወርቅ ሰፈር ተነስታ ለዓለም ስትሸጥ ያደረገችው ያንኑ በረባሶ በደንብ ሰፍቶ ስም መስጠት ነው። ስም መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ምናለሽ ተራ የጎደለው እሱ ይመስለኛል።

የማይገዛም አለ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። አንድ ቀን ለውሃ የሚሆን ትልቅ ሰማያዊ በርሜል በጥሩ ዋጋ አገኘሁና ልወስደው ስል ጋሼ "ሽተቺው" አሉኝ። ክዳኑን ከፍቼ አፍንጫዬን ሳስገባ ዓይኔ አለቀሰ። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ቢታጠብ ቢታጠብ ለሚጠጣ ውሃ አይሆንም። የጣራ ቆርቆሮም ለመቁያና ለምግብ ማብሰያ አይሁን፤ የተለበጠበት ዚንክ በኃይል ሲግል የሚያወጣው ጭስ ያሳምማል። ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም ቀልጠው የሚሠሩ ድስቶችንም እተዋለሁ። በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተመረመሩ እንዲህ ዓይነት ድስቶች እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። የቀለጠው የመኪና ሞተር ይሁን ሌላ፣ ማን ያውቃል። ለምድጃ፣ ለወንበር፣ ለቢላዋ፣ ለሳጥን ምናለሽ ተራ። ለድስት ሌላ ቦታ።

ደረሰኝ የለም። ይሄ ለእኔ እውነተኛ ችግር ነው። ንግድ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ ወጪዬን ማሳየት አለብኝ። ለአራት በርጩማና ለምድጃ ያወጣሁትን ማንም አልተቀበለኝም። ጋሼን ደረሰኝ ብላቸው ምድጃውን አንስተው ሰጡኝና "ይኸው" አሉኝ። ሳቅሁ፣ ግን ዓመቱ ሲዘጋ አልሳቅሁም።

ርካሽ ነው ብላችሁ ደግሞ በድሮ ዋጋ አትሂዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ መቶ ብርን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ምድጃና ወንበር ሲወደድ ሰው ወደ ምናለሽ ተራ ጎረፈ። ደስ ይላል ብዬ ለጋሼ ነገርኳቸው። "ምኑ ደስ ይላል?" አሉኝ። ባዶ በርሜሉም አብሮ ተወዷል። ከውጭ የሚመጣው ብረት ሲወደድ ቁርጥራጩም ይወደዳል፣ ማቅለጫዎቹ በኪሎ ጨምረው ይገዛሉ። ቁራሌው ከእኔ የሚገዛበትን ዋጋ ከፍ ያደረገው ስላዘነልኝ አልነበረም ለካ።

አሁን ወደ ጆሮው ልመለስ። ጋሼን አንድ ነገር ስጠይቃቸው ሦስት ጊዜ እደግማለሁ። በግራ በኩል ከተቀመጥኩ አራት ጊዜ። አርባ ዓመት ገደማ መዶሻ ሰምተዋል። የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ከጫፉ ጎድሏል። ልጅ እግሩ ጆሮው ላይ የሚሰካው ነገር አለ፣ ግን ሙዚቃ የሚሰማበት ነው። ሥልጠናው ላይ "ዘላቂ" ሲሉ ስለ ዛፍና ስለ አየር ነበር። እኔ ያቺን የተቆረጠች ጣት ሳይ የሰውዬው ሥራ ምን ያህል ዘላቂ ነው እላለሁ። ልጆቻቸው ሥራውን አልፈለጉትም። አንዱ ሹፌር ነው፣ አንዷ ዓረብ አገር ናት።

ኬንያ ሄዶ የመጣ ደንበኛዬ ናይሮቢ ካሙኩንጂ የሚባል ተመሳሳይ ቦታ እንዳለ ነግሮኛል። እዚያ እንዲህ የሚሠሩትን ጁዋ ካሊ ይሏቸዋል፣ የሚያቃጥል ፀሐይ ማለት ነው፤ ሜዳ ላይ ስለሚሠሩ። አስመራ ደግሞ መደበር አለ፤ አጎቴ ልጅ ሆኖ ከእዚያ የተገዛ በርበሬ መፍጫ እስከ ዛሬ ያነሳል። በየአገሩ መዶሻው አንድ ነው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለምድጃው ከአምስት አራት። አንዱን የቀነስኩት ለማንጠልጠያው ነው፣ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ። ለአገልግሎቱ ሙሉ አምስት። ለደረሰኙ ዜሮ። ስትሄዱ ጠዋት፣ ከ4 ሰዓት በፊት ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ተሸካሚና ጋሪ መንገዱን ይሞላዋል። ስልካችሁን የውስጥ ኪስ ክተቱ። በዋጋ ተከራከሩ፣ ግን ሰው ሲቀጠቅጥ እያያችሁ በግማሽ አትጥሩ፣ ያሳፍራል።

ባለፈው ሳምንት የምድጃዬ ታችኛው ቆርቆሮ መሳሳቱን አየሁ። ስምንት ወር ቀኑን ሙሉ ነዶ ነው፣ አልፈርድበትም። ገልብጬ ሳጸዳው ከውስጥ በኩል፣ ከሸክላው ጀርባ፣ የድሮው በርሜል ቢጫ ቀለምና ተዘቅዝቀው የቀሩ ሦስት ፊደላት አሉ። ደወልኩላቸው። "ሸክላው ደህና ከሆነ ይዘሽው ነይ፣ ልብሱን ብቻ እቀይርለታለሁ" አሉኝ። አሮጌውን ቆርቆሮ ከዋጋው ሊቀንሱልኝም ተስማሙ።

ዝናብ ነበር። ምድጃውን በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ ጃንጥላ በአንድ እጄ፣ ታክሲ ስጠብቅ ቁራሌው መጣ። ያው የድሮው ልጅ ነው። ጥቅሉን አይቶ ገባው።

"እህቴ፣ ምድጃ ነው? ስንት ልስጥሽ?"

"አይሸጥም። ምናለሽ ተራ ነው የምወስደው።"

"እኔስ የት የምወስደው መስሎሽ ነው?"

ታክሲ አጥተን ሃያ ደቂቃ አብረን ቆምን። በመጨረሻ ማዳበሪያዬን ከእጄ ተቀብሎ ከራሱ ጋር ደረበና ትከሻው ላይ ጣለው። መርካቶ ድረስ ለተሸከመበት 50 ብር ተቀበለኝ።